ሦስት ቀን ሙሉ የነገረችን ልጅ

መጀመሪያ ያየነው የአንገቷን መድረቅ ነበር። የሩዝ አረም ወራት ነው። ልጄ ሙሉ ከማሳ ተመልሳ ልታጠባት ስታቅፋት፣ የልጅ ልጄ ትርንጎ አንገቷን ማጠፍ አቃታት። ዓመት ከመንፈቋ ነበር። ገላዋ ይፋጃል። በማግሥቱ አንቀጠቀጣት። ባሕር ዳር ወሰድናት። ከጀርባዋ ፈሳሽ ቀዱ። ማጅራት ገትር ነው አሉን። ሴፍትሪያክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ በደም ሥሯ ሰጧት። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ እኛም ዳነች ብለን ወደ ወረታ ተመለስን።

ከመታመሟ በፊት አሥር ያህል ቃላት ነበሯት፤ መምህር ነኝና ቆጥሬያቸው ነበር። «እማ» ትላለች፣ «አባባ» ትላለች፣ ውሃን «ቡዋ» ትላለች። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ቃላቱ አንድ በአንድ ረገፉ። መጨረሻ የቀረው «እምቢ» ነበር፤ ከእሱም ቃሉ ጠፍቶ ጩኸቱ ብቻ ቀረ። አንድ ቀን ከኋላዋ ሆኜ ጸናጽል ነቀነቅሁ። አልዞረችም።

ሐኪሙ «የመስማት ነርቩ ተጎድቷል፤ በመድኃኒት አይመለስም» አለን። ይህ እውነት ነበር፤ በእርሱ አልቈጣም። የምቈጣው ከዚያ በኋላ ምክር በጠየቅነው ሌላ ባለሙያ ነው። «በእጅ ካስለመዳችኋት ምላሷ ይሰንፋል፤ በአፍ ብቻ አናግሯት» አለን። ስሙን አልጽፍም። ይበልጥ የምቈጣው ግን በራሴ ነው፤ ምክሩ የሚሻውን ሰው በእኔ አግኝቷልና። አርባ ዓመት አቋቋም ያስተማርሁ መሪጌታ ነኝ። እኔም መምህሬም የመምህሬም መምህር ዕውቀትን የተቀበልነው በጆሮ ነው። ቃል በሌላ በር ይገባል ብሎ ማሰብ ለእኔ ድፍረት ነበር።

ትርንጎ ግን ማንም ሳያስተምራት በእጇ መናገር ጀመረች። ሁለት ጣቶቿን ግንባሯ ላይ ካቆመች ላም ነው። የጣቶቿን ጫፍ ካፋተገች ሩዝ ነው። እኔ «እጅሽን ሰብስቢ!» እላታለሁ፤ እንደማትሰማኝ እያወቅሁ እላታለሁ። በትምህርት ሰዓት ሁለት እጇን በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ፣ አገጯን ይዤ ፊቷን ወደ አፌ አዞርና «በ»፣ «መ» እላለሁ። ሁለቱ ፊደላት ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። ድምፅ ሳይሰማ የሚለያቸው ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እኔ ያን ከአንዲት ሕፃን እጠብቅ ነበር። ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። ነከሰችኝ። ጨካኝ ሆነች አልሁ።

አራት ዓመት እንደሞላት፣ የርብ ወንዝ ጎርፍ ከማሳው ሸሽቶ ኩሬው በቀረበት ሰሞን፣ አንድ ነገር ደጋግማ ታሳየን ጀመር። ወደ ኩሬው ትጠቁማለች። ጉሮሮዋን ትነካለች። አንዲት ጣቷን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ደግማ ታጥፋለች። አንደኛው ቀን፣ «እጅሽን ሰብስቢ።» ሁለተኛው ቀን፣ ጠቀለልሁት። በሦስተኛው ቀን ከአፏ ደም መጣ።

ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥን። የጤና መኰንኑ አፏን በባትሪ አይቶ በመቆንጠጫ አወጣው። አልቅት ነበር። ደም ጠጥቶ አብጧል፤ ይላወሳል። «ከየት ጠጣች? አላሳየቻችሁም?» ሲለን፣ ሙሉ እያለቀሰች ልጅቱ ስታደርግ የሰነበተችውን አደረገች። ኩሬው። ጉሮሮው። የምትላወሰው ጣት። እጇ አየር ላይ ቀረ። መኰንኑ ወደ እኔ ዞረ።

«የኔታ፣ ልጅቱማ ነግራችኋለች። ሦስት ቀን ሙሉ ነግራችኋለች እኮ!»

ከበር ስንወጣ ሙሉ፣ ዘመኗን ሁሉ ቀና ብላ ያላየችኝ ልጄ፣ መንገድ ላይ ቆመች። «አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ እጇን አይንኩብኝ። ከነኩብኝ ደጅዎን አልረግጥም።»

በሣምንቱ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ወደምታስተምረው፣ ራሷም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ወደማትሰማው ሰናይት ወሰድናት፤ ትርንጎም ያችን ሴት ከሌላ ልጅ ጋር በእጇ ስታወራ ባየች ጊዜ የእናቷን ቀሚስ ለቅቃ መሐል ገብታ ቆመች፣ እስክንመለስም ከሰናይት እጆች ላይ ዓይኗን አላነሣችም። የሰናይትን የላም ምልክት በተማረች ሰሞን በቅሎውንም አህያውንም ላም አለች፤ የሚሰሙ ሕፃናትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ጣቶቿ ቅርጹን ሲስቱ ደንግጬ ብጠይቅ፣ ሰናይት በደብተሯ ጽፋ «ሕፃን በምላሱ እንደሚኮላተፍ እርሷም በጣቷ ትኮላተፋለች፤ ይስተካከላል» አለችኝ፤ ቀጥላም የእኔን እጅ አይታ «የእርስዎ ግን እንጃ፣ የኔታ!» ብላ ጻፈችና ሳቀች። የሚሰማ ልጅ ላሟን እያየ ስሟን መስማት እንደሚችል፣ የማይሰማ ልጅ ግን ላሟንም ስሟንም የሚያየው በዚያው ዓይኑ በመሆኑ በመጀመሪያ እንዲያይ፣ ቀጥሎም ወደ እኛ እስኪመለስ መታገሥ እንደሚገባ ያስተማረችኝ እርሷ ናት። የጣት ፊደሉን ስታሳየኝማ አፈርሁ፤ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ይነግራል፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ይለያል። እኔ ዝማሜን፣ ከዜማው ጋር የሚሄደውን የመቋሚያ እንቅስቃሴ፣ ሳስተምር የመቋሚያው አወራረድ ስንዝር ቢስት ተማሪውን ከመጀመሪያው የማስደግም ሰው ነኝ። አርባ ዓመት በእንቅስቃሴ ሳስተምር ኖሬ የሕፃን እጅ ጠቀለልሁ።

ምእመናኑ «የኔታ ለልጅቱ ለፉላት» ሲሉኝ ዝም እል ነበር። ዝምታዬ ውሸት ነበር፤ ይህን የጻፍሁትም ስለዚህ ነው።

ልጃችሁ ከማጅራት ገትር ከዳነ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ጆሮውን አስመርምሩ። ጸበልም ውሰዱት፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ፣ አልከለክልም። ቋንቋውን ግን እስከዚያ አታቆዩበት፤ የቃል ዘመኑ ይሄዳል፣ እናንተን አይጠብቅም። «ምላሱ ይሰንፋል» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ድዳ የሚለውንም ከደጃችሁ መልሱት። ሰናይትን፣ የጤና መኰንኑን፣ ከሁሉም በላይ የገሠጸችኝን ልጄን አመሰግናለሁ።

ትርንጎ ዛሬ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በቀደም ነጠላዬን ስታጣጥፍ ጫፉን ይዛ ቆየች። ከዚያ አስቀመጠችውና በእጇ «ለምን ታስረኝ ነበር?» አለችኝ። በሚኮላተፉ ጣቶቼ «አላወቅሁም» አልኋት። የሳተውን ጣቴን ይዛ ቀና አደረገችልኝ። ከዚያ በቀስታ፣ እንዳያመልጠኝ ዓይኔን ጠብቃ፣ «ነግሬህ ነበር» አለችኝ።