በሬዎቼን ቆላ ለማውረድ አፋርኛ ስማር

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። የማውቀው በልጉ የቀረበት ዓመት እንደነበር ነው። አንኮበር ላይ ጭጋጉ ይመጣል፣ ይከድነናል፣ ይሄዳል፤ ዝናብ ግን አልጣለም። የገብሱ ጭድ አልቆ የሁለቱ በሬዎቼ የጎን አጥንት ከሩቅ ይቆጠር ነበር።

ያን ሰሞን ደብረ ብርሃን ልጄ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። እሱ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ማታ ራት ከበላን በኋላ፣ «አባዬ፣ በሬዎቹን ሽጥና እኔ ጋ ግባ» አለኝ። ደግ አስቦ ነው፤ አልተቆጣሁም። ግን በሬውን የሸጠ ሰው የሚያርሰው በምኑ ነው? ቁጭ ብሎ የልጁን እጅ ማየት ነው የሚቀረው። እኔ ደግሞ ጉልበቴ ገና አልከዳኝም።

ሌላ መንገድ ነበረኝ። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ቆላ ውስጥ አፋር ወዳጆች አሉን። ክፉ ዓመት ሲመጣ የእኛ ከብት እነሱ ዘንድ ይወርዳል፤ እነሱም ሲቸግራቸው ከእኛ ጎተራ እህል ይጭናሉ። የእኔ ወዳጅ አማርኛውን ከእኔ አሳምሮ ይናገር ነበር። እሱ ሞተ፣ ከብቱንም ግጦሹንም ልጁ ዓሊ ያዘ። ዓሊ አማርኛ አያውቅም። በአንድ ደላላ ስልክ አስደውዬ በሬዎቼን እንዲቀበልልኝ ብጠይቀው፣ ደላላ በመካከላችን አይግባ፣ ሰውየው ራሱ መጥቶ ዳጉ ይቀመጥ አለ። ዳጉ አፋሮች ሲገናኙ አረፍ ብለው፣ ያዩትን የሰሙትን ሁሉ የሚነጋገሩበት ልማድ ነው። በአስተርጓሚ አይሆንም።

ስለዚህ አፋርኛ ለመማር ቆረጥኩ። እኔ የተማርኩት ፊደል ብቻ ነው፤ እሱንም በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጢም አብቅዬ። ልጄ ሲሰማ ሳቀና ለመሳፈሪያዬ ብር ሰጠኝ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ

ጠዋት ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ ብርዱ ጆሮዬን ቆረጠኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ከደቡብ የመጣች ናት። ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። እሷም ስትመጣ አማርኛዋ የመጽሐፍ ብቻ እንደነበር፣ ጉልት ሻጮቹ እየተቀባበሉ ይስቁባት እንደነበር አጫወተችኝ።

«ታዲያ ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«ሲስቁብኝ አብሬ ሳቅሁ፤ በነጋታውም ተመልሼ ሄድኩ።»

ይህን ምክር ያዝኩ። የአንኮበር ከተማችን ጎረቤላ ወርጄ ቤቴ አንድ ሌሊት አደርኩ። ባለቤቴ ስንቅ ቋጠረችልኝ፤ እስክመለስ በሬዎቹን ከእጇ እያጎረሰችም ቢሆን እንደምታቆያቸው ማለችልኝ።

ቁልቁለቱ

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ ሲወረድ ሰው በአንድ ቀን አገር ይለውጣል። ስነሳ ጋቢዬን ተከናንቤ ነበር፤ ቀትር ላይ ጋቢው ትከሻዬ ላይ ሸክም ሆነ። ገብሱ ቀርቶ ማሽላ፣ ከማሽላው በኋላ ጫትና ሎሚ ይመጣል። ዕድሜዬን ሙሉ ከላይ ሆኜ ሳየው የኖርኩት ቆላ፣ ገብቼ ሳየው የማላውቀው አገር ሆነብኝ።

ከእኛ በታች ባለች አንዲት ጎጥ ሳልፍ ላሞች ለሃጫቸው ሲንጠባጠብና ሲያነክሱ አየሁ። አፋቸው ቆስሏል። የላሞቹን ባለቤት እንዴት ናቸው ብዬ ብጠይቀው፣ ትንሽ ብርድ ነው እንጂ ደህና ናቸው አለ። እግዜር ይማርልህ ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። በእኛ አገር ከዚህ በላይ አይጠየቅም።

አሊዩ አምባ

ያረፍኩት በርበሬና ጥጥ ከምትሸጥ አንዲት አርጎባ ሴት ቤት ነው። ባለቤቴ የዓመት በርበሬዋን ከእሷ ስለምትገዛ ትውውቅ ነበረን። ባሏ የሞተባት፣ ጠና ያለች፣ ቶሎ የማትስቅ ሴት ናት። አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ታውቃለች፤ ገበያው ነው ያስተማራት። ለምን እንደመጣሁ ስነግራት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አባባ፣ አፋርኛ ብቻውን አያደርስዎትም» አለችኝ። «ዓሊ ዘንድ ለመድረስ በእኛ ሰፈር ያልፋሉ፣ ከዚያ ኦሮምኛ በሚናገሩት። ውሃውን እዚያ ነው የሚለምኑት።»

ትምህርቱ እንዲህ ነበር። ጠዋት ከመደቧ ኋላ ተቀምጬ ጥጥ እፈለቅቃለሁ። እስከ ቀትር በአማርኛ ብጠራት አትሰማኝም። ውሃ ሲጠማኝ በኦሮምኛ ቢሻን፣ በአፋርኛ ሌ እላለሁ፤ ካላልኩ አልጠጣም። በአርጎብኛ ሰላምታ ሳቀርብ ጎረቤቶቿ በሳቅ ይወድቃሉ። አንዷማ፣ «አባባ፣ ምላስዎም እንደ በሬዎ ከስቷል» አለችኝ። በነጋታው ለእሷው ቀድሜ ሰላምታ አቀረብኩ። እንዲያ እንዲያ እያለ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ ዘመዱን፣ መንገዱን መጥራት ቻልኩ። የአፋር ሰው ሲያልፍ ጆሮዬ ሦስት አራት ቃል ይዞ መቅረት ጀመረ።

በአንድ የገበያ ቀን አንድ የአፋር ሽማግሌ መጡ። የዓሊ አጎት ናቸው ብላ አስተማሪዬ አስጠጋችኝና ደንበኛ ልትሸኝ ሄደች። ሽማግሌው በትራቸውን አጋድመው ተቀመጡ፤ እኔም ፊት ለፊታቸው። ጠየቁኝ፦ ዝናቡ? ሰዉ? ከብቱ? መንገዱ? ለሁሉም ደህና፣ ደህና፣ ደህና እያልኩ በአፋርኛ መለስኩ። አንድም ቃል አልሳትኩም። ኮርቼ አመሸሁ።

በሦስተኛው ቀን ዓሊ አስተማሪዬ ስልክ ላይ ደወለ። ሰውየው እንዳይመጣ አለ። አጎቱ የእኔን ወሬ አምነው ፍየልና ላም ይዘው ሽቅብ፣ ወደዚያች ላሞቿ ወደታመሙባት ጎጥ ምንጭ ሊነዱ ተነስተው ኖሯል። ከገበያ የሚመለስ ሌላ ሰው መንገድ ላይ ነግሯቸው ነው የተመለሱት።

አስተማሪዬ ስልኩን ዘግታ የተባለውን ነገረችኝ። እኔም መከራከሬ አልቀረም። ክፉ ወሬ በመጀመሪያ ትውውቅ እንግዳ ላይ አይደፋም፤ እኛ መርዶ እንኳ ሰው ተሰብስቦ፣ ሲነጋ ነው የምናረዳው አልኳት።

«እሱ የእናንተ የደገኞች ወግ ነው፤ ነውር የለውም» አለች። «ዳጉ ላይ ግን ያዩትን ማስቀረት መዋሸት ነው። የሰውየው ከብት በእርስዎ ‹ደህና› ሊያልቅ ነበር። ቃሉን አስተማርኩዎት፣ ወጉን ሳላስተምርዎት ቀረሁ።»

«አሁን አስተምሪኝ።»

«አትምጣ ተብለዋል እኮ።»

«ተብያለሁ። እሄዳለሁ።»

ከዚያ በኋላ በየማታው ደጃፏ ላይ እያስቀመጠች በአፋርኛ የዋልኩበትን ታስወራኝ ነበር፤ ክፉውን አስቀድሜ። ይህ ከቋንቋው ይልቅ ከበደኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እላለሁ፤ ወገቤን እንዳመመኝ እንኳ ለመናገር ምላሴ ይተሳሰራል። እሷ ግን ፊቴን አይታ፣ «የቀረ አለ» ትለኛለች።

ወደ ዓሊ

አንድ ማለዳ ኢንሻ አላህ ይቀናዎታል ብላ ሸኘችኝ። በአርጎቦቹ ሰፈር ሰላምታዬን አቅርቤ አለፍኩ፤ አልሳቁም። ቀትር ላይ ኦሮምኛ ከሚናገሩት መንደር ውሃ ለመንኩ፤ አንዲት እናት በቅል ሰጥታኝ አቋራጩን አሳየችኝ። ከዚያ በታች ግራርና አቧራ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የዓሊ ሰፈር ደረስኩ።

ዓሊ ቀጭን፣ ሽርጥ ያገለደመ ጎልማሳ ነው። አጎቱም አሉ። አልተነሱም፣ አላባረሩኝምም። ከግራሩ ሥር ተቀመጥኩና ሳልጠየቅ ጀመርኩ። በተሰባበረ አፋርኛ በልጉ እንደቀረ፣ ጎተራዬ ባዶ እንደሆነ፣ በጎጧ ያየሁትን የቆሰለ አፍና የሚያነክስ እግር፣ ይህንንም ከአጎቱ እንደደበቅሁ ተናገርኩ። የእኔ በሬዎች ስነሳ ንጹሕ እንደነበሩ፣ ከዚያ ወዲህ ግን እንደማላውቅ ጨመርኩ።

ዓሊ መሬቱን በእንጨት እየጫረ ሲሰማኝ ቆየና፣ «በሬዎችህ ከታመሙት ጋር አንድ ውሃ ይጠጣሉ?» አለ።

የመጣሁበት ሁሉ እዚህ ላይ ቆመ። አይጠጡም ብል ማን ያውቃል? አዎ ብል በሬዎቼን ራሴ መለስኳቸው ማለት ነው። በደረቅ ወቅት ግን ያለን ምንጭ የዚያች ጎጥ ምንጭ ብቻ ነው።

«አዎ፣ ይጠጣሉ» አልኩ።

አጎቱ ወደ ዓሊ ዞሩ። ዓሊ እንጨቱን ጣለ። «አሁን ነገርከኝ» አለ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ እንዲገባኝ እየደጋገመ ነገሩን ቆረጠው። በሬዎቹን ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ሌላ ከብት የማይረግጠው ሸለቆ ውስጥ አውርጄ ራሴ እጠብቃለሁ። ጨረቃዋ አልቃ ሌላዋ እስክትወጣ አፋቸው ንጹሕ ከሆነ ከእሱ መንጋ ይቀላቀላሉ። ከታመሙ ከዚያ አያልፉም።

ተስማማሁ። ወተት መጣ። ቀጥሎ ተራው የእሱ ሆነና የአባቱን ሞት ነገረኝ፦ የት እንደታመመ፣ የት እንዳነሱት፣ ምን እያለ እንዳለፈ፣ ማን እንደቀበረው። አንድም ነገር አልዘለለም። ወዳጄ እንዴት እንደሞተ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ያለ አስተርጓሚ። አለቀስኩ፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ወደ ቤት

በሬዎቹን አወረድኩ፣ ሸለቆው ውስጥ አብሬያቸው ሰነበትኩ። አዲሲቱ ጨረቃ ስትወጣ ዓሊ መጥቶ መንጋጋቸውን ከፍቶ አየ፣ ምላሳቸውን ዳሰሰ፣ ሰኮናቸውን አንስቶ መረመረ። ከዚያ በበትሩ ወደ መንጋው ነዳቸው። እኔ ዳገቱን ብቻዬን፣ በየጥቂቱ እያረፍኩ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ልጄም ከደብረ ብርሃን መጥቶ ነበር። እንዴት ነበር አባዬ አለኝ። ደህና ብዬ ልዝለው ነበር፤ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ከአጎቱ የደበቅሁትን፣ ያለቀስኩትን፣ የወገቤን ሕመም፣ በሬዎቹን እንደማልሸጥም። ባለቤቴ ወገቤን በዘይት እያሸች ቁጭ ብላ ሰማች። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው፦ የሰው አገር ቋንቋ ቃሉን በመያዝ ብቻ አያልቅም፤ በዚያ አገር ምኑ በዝምታ እንደማይታለፍ ማወቅ አለብህ። ክረምቱ ገብቶ በሬዎቹ ጠግበው ሲመለሱ አረስኩባቸው።

ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ፣ ስሳሳትም ያላባረረችኝ የአሊዩ አምባዋ በርበሬ ነጋዴ ዘሐራ ይመር ናት።