ገለጉ ያልደረሱት ነፍሳት

«ይኼ እኮ ሰሊጥ የሚመጥ ተባይ ነው! ገለጉ ጫካ ውስጥ፣ ክርክራ ዛፍ ላይ ምን ሊበላ ወጣ?»

የዩኒቨርሲቲው የነፍሳት ተመራማሪ ጋሽ ላቀው በመርፌ የተወጋውን ተባይ ከነወረቀቱ አፍንጫዬ ሥር ደቀኑት። መተማ ዮሐንስ በተከራየናት ክፍል ሦስት ነበርን፤ እሳቸው፣ ግጥም የምሞክረው ረዳታቸው እኔና ሰይድ። ሰይድ ለሰሊጥ አጨዳ ከወሎ የወረደ፣ ዕቃችንን የሚሸከም፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው።

ያን ቀን የመለስኩትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንተ አንባቢ የመጀመሪያው ሰሚ ነህ።

ጋሽ ላቀው ከገለጉ ጫካ ነፍሳት እንድንሰበስብ ልከውን ነበር። መኪና ጠፋ። «ጓድ ገጣሚ፣ እግር የተሰጠን ለመቼ ነው?» አለኝ ሰይድ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ከከተማው ዳር፣ ታጭዶ እንዲደርቅ ከቆመው የሰሊጥ ሂላ ሥር የሚርመሰመሰውን ሁሉ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ሲጨፈለቅ ይከረፋል፤ ክርፋቱ ጣቴ ላይ ሰነበተ። በዚያው ጣት ብዕር ይዤ በየነፍሳቱ ወረቀት ላይ «ገለጉ፣ ከክርክራ ቅጠል» ብዬ ጻፍኩ። «ገለጉ፣ ከመቀር አበባ» ብዬም ጻፍኩ። ቃሉ ጣመኝ፤ ያላየሁት ዛፍ ላይ አበባ አወጣሁ። ግጥም ይሉት እንዲህ ነው? ትውከት ነው እንጂ!

ባለማወቅ እንዳይመስልህ። «ጫካው ተመንጥሮ ሲያልቅ ምን ይኖርበት እንደነበር የምትመሰክረው ይቺ ብጣሽ ወረቀት ናት፤ እሷ ከዋሸች ሳጥኑ ሙሉ ጥራጊ ነው» ብለው ጋሽ ላቀው አስተምረውኝ ነበር።

እና ምን መለስኩ?

«ሰይድ ነው ጋሼ። እርስዎ እዚህ የሰበሰቡበትን ጠርሙስ ከገለጉው ቀላቅሎብኝ ነው። ማንበብ አይችል።»

አመኑኝ። ተባዩን ነቅለው ጣሉና የቀረውን ከነወረቀቱ አሸጉት። ዛሬም በእጄ ጽሑፍ «ገለጉ» እያለ ከዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አንድ ተማሪ ይከፍተዋል፤ ያምነኛል። ይህን እያወቅሁ በምን አፌ ይቅርታ እለምናለሁ? አልለምንም።

ከማመናቸው በፊት ግን ወደ እሱ ዞረው ነበር። «እውነት ነው ሰይድ?» አሉ ጋሽ ላቀው።

ሰይድ አየኝ። አንድ ቃል ቢተነፍስ አልቆልኝ ነበር። እንዳይተነፍስ ፈራሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ ደስ አለኝ። ከሁሉ የሚያቅለሸልሸኝ ይህ ደስታዬ ነው።

«ፊደል የሚያውቀው ጓድ ገጣሚ ነው» አለ። «እሱ ካለ ይሁን።»

ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። በሩን አልወረወረውም፤ ቀስ አድርጎ ዘጋው።