ቀይዋ ቆራጣና አያ ሙላቴ

የፋሲካ እጆች በመኪናዋ በር ሆድ ውስጥ እስከ ክርን ገብተዋል። በአንደኛው ፒንሳ፣ በሌላው ጂንስ የሚሰፋበትን ወፍራም ክር ይዛለች። የተሳፋሪው በር ከውስጥ አልከፈት ካለ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የተበጠሰውን ሽቦ በክር ቀጥላ፣ ሁለቴ አዙራ ቋጠረችና የውስጡን እጀታ ሳብ አደረገችው። ክሩ ጧ አለ። ሦስተኛ ሙከራዋ ነበር። እንግዲህ ከውጭ የሚከፍት ሰው አይታጣም ብላ የበሩን ሽፋን መልሳ ገጠመች፤ እጇንም በቁራጭ ጨርቅ ጠረገች። የዚያ በር መስኮት ማዞሪያም ከተነቀለ ቆይቷል። እሱንም ከሚካኤል በኋላ አየዋለሁ አለች። ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው። ነገ ወይ መኪናዋን ታድናለች፣ ወይ ትሸጣታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ፋሲካ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። የከተማው ግማሽ ሙሽራ በእጇ አልፏል። ባሏ ከሞተና ልጆቿ ጎጆ ከወጡ በኋላ፣ በሃምሳ አራት ዓመቷ፣ መኪና መንዳት እማራለሁ ብላ ተነሣች። ምነው ምን ነካሽ ሲሏት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የበቅሎ ጭራ ስከተል ኖሬ ሰለቸኝ አለቻቸው።

መኪና ስንል እኛ ሁለቱንም ነው፤ የሚሰፋውንም የሚነዳውንም። ማሠልጠኛው ግቢ በመጀመሪያው ቀን የሆነውም ከዚሁ የመጣ ነው። አሠልጣኙ ታምራት የሚባል ትሑት ሰው ነበር። ከመሪው ፊት አስቀምጧት፣ “እትዬ፣ በመኪና ሠርተው ያውቃሉ?” አላት።

“ሠላሳ ዓመት ሙሉ።”

“እግርዎ እንዴት ነው ታዲያ?”

“ዓይኔን ጨፍኜም እረግጠዋለሁ።”

ታምራት ደስ አለው። ሞተሩን አስነሣላት፣ ማርሹን አስገባላት፣ ራሱም ዘና ብሎ ስልኩን አወጣ። ፋሲካ ሁለት እግሮቿን አንድ ላይ ነዳጅ መስጫው ላይ አሳረፈችና እንደለመደችው በተረከዝና በጣት ታወዛውዘው ጀመር። መኪናው እንደ ግልገል ፈረስ ሦስት ጊዜ ዘለለና አፍንጫውን የግንበኞች አሸዋ ክምር ውስጥ ቀብሮ ቆመ። ታምራት ስልኩን ከእግሩ ሥር ለቅሞ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠብቆ፣ የነዱት የትኛውን መኪና ነው ብሎ ጠየቃት። የልብስ ስፌቱን ነዋ አለችው፤ መች ለይተህ ጠየቅኸኝና። ከዚያ ወዲህ ታምራት አዲስ ሴት ተማሪ በመጣች ቁጥር፣ የሚሰፋ ነው የሚነዳ ብሎ ሳይጠይቅ ቁልፍ አያዞርም ይባላል።

መንጃ ፈቃዷን ስታገኝ የገዛችው የገበያውን ርካሽ ነው። ቀይ ናት፤ በግራና በቀኝ አንድ አንድ በር ብቻ ያላት፤ እንደ ሌሎቹ አውቶሞቢሎች ከኋላ የተዘረጋ የዕቃ ሣጥን የሌላት፣ ከኋላ መስኮቷ ላይ ቁልቁል በመቀስ የተቆረጠች የምትመስል። ሰፈሩ ቆራጣዋ ይላታል። ሬዲዮ የላትም፤ የሬዲዮው ቀዳዳ ላይ ፋሲካ የመርፌ መሰኪያዋን ወትፋበታለች። ማቀዝቀዣ የላትም። መስኮቷ በእጅ ነው የሚዞረው፤ እሱም ማዞሪያው ባለበት በኩል። ሞተሯ ግን ሌላ ነው። የቀድሞ ባለቤቷ ፍጥነት የሚወድ ጎልማሳ ነበርና ለእንዲህ ያለ ቀላል ገላ የማይገባ ብርቱ ሞተር አስገጥሞላታል። መካኒኩ መከደኛዋን ከፍቶ ባየ ጊዜ፣ እትዬ፣ ይቺ እሳት የላሰች ናት፣ በቀስታ ይያዟት ብሎ መክሯት ነበር። ፋሲካ ምክሩን ተቀብላ ከከተማው ወጣ እስክትል ድረስ ጠበቀችው።

ምኗን ወደድሽው ለሚሏት መልስ አላት። ጥሩ ልብስ ማለት ትርፍ ጨርቅ የሌለበት ነው ትላለች፤ ትከሻ ላይ ያረፈ፣ ከወገብ ያልሰፋ። የሰው ትልቅ መኪና ውስጥ ስቀመጥ ሳሎን የገባሁ ይመስለኛል፤ በዚችኛዋ ግን መንገዱን በመቀመጫዬ አነባዋለሁ። በእግሬ ስነግራት በእጄ ትመልስልኛለች። ዳገት ላይ ረገጥ ስታደርጋት ፋሲካ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ከፍ ይላል፤ በሠርጓ ቀን እንኳ እንዲህ አልሆነችም። ይህን የመጨረሻውን ለሴት ብቻ ነው የምትናገረው።

ታላቅ ወንድሟ አያ ሙላቴ ይህ ሁሉ አይገባቸውም። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጧታል፤ እህል ነጋዴ ናቸው፤ የሚነዱትም ነጭ ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ነው፣ ከሦስት መቶ ሜትር ርቀት ቤት የሚመስል። እህታቸው ጭራ በሌላት መኪና ከተማ ለከተማ መዞሯ ያሳፍራቸዋል። ጭራ የሌላት ዶሮ ገበያ ብትወጣ ማን ይገዛታል ይላሉ። የስፌት መኪናሽን ጎማ ገጠምሽላት እንዴ ይሏታል። ፋሲካ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። በአባታቸው ቤት ታናሽ ለታላቅ መልስ አይሰጥም ነበር። በር ሲገባ ታላቅ ይቀድማል፤ መንገድ ሲሄዱም ታናሽ ከኋላ ነው። ፋሲካ ልጅነቷን የጨረሰችው አያ ሙላቴ የተቀመጡባትን በቅሎ ጭራ እያየችና አቧራዋን እየጠጣች ነው።

በጥቅምት መጨረሻ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ አያ ሙላቴ ውርርድ አነሡ። ይፋግ ያሉት አክስታቸው እማማ ወርቅነሽ በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤልን ይዘክራሉ፤ ሁለቱም አይቀሩም።

“ከሱቅሽ በር እኩል እንነሣለን። ከእኔ ቀድመሽ እማማ ደጅ ከደረስሽ፣ ሁለተኛ ስለዚች መኪና አፌን አልከፍትም። ካልቀደምሽ ትሸጫታለሽ።”

ፋሲካ ዓይኗ በርቶ እሺ አለች። ቆራጣዋ ፒካፑን ዳገት ላይ እንደ ቆመ ዛፍ ጥላው እንደምትሄድ ታውቃለች። ሰው ተበትኖ ሱቋን ስትቆልፍ ነው ነገሩ የገባት። መኪናዋማ ትቀድማለች፤ እሷ ግን ታላቅ ወንድሟን በምን ዓይኗ ትቀድማለች? አያ ሙላቴም የተማመኑት በሞተራቸው አልነበረም።

የሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ተነሡ። አያ ሙላቴ ከፊት፣ ጋቢና ውስጥ ከባለቤታቸው ከእትዬ ሕይወት ጋር፤ ፋሲካ ብቻዋን ከኋላ። አያ ሙላቴ ያለወትሯቸው እንደ ታቦት አጃቢ ይነዱ ነበር። ቆራጣዋ በሁለተኛ ማርሽ እያጉረመረመች ተከተለች። ፋሲካ ጡሩምባዋን በትሕትና ሁለቴ ጢጥ አደረገቻት። አያ ሙላቴ እጃቸውን በመስኮት አወጡ። እለፊ ያሏት መስሏት ልቧ ዘለለ፤ ለካ መንገድ ዳር የቆመ የእህል ደንበኛቸውን ሰላም እያሉ ነው። አንድ ባጃጅ ሁለቱንም ቀድሞ ሲያልፍ ነጂው ዘወር ብሎ፣ እማማ፣ ቤንዚን አለቀባት እንዴ አላት።

ቤተ ክርስቲያን በተገኘ ቁጥር አያ ሙላቴ ይቆማሉ፤ ወርደው፣ ባርኔጣ አውልቀው፣ እጅ ይነሣሉ። ይህ የዘወትር ልማዳቸው ነው። የዚያን ቀን ግን ጸሎቱም ረዘመ፤ ከአንዱ ደጅ ውዳሴ ማርያም ከሰኞ እስከ እሑድ ያደረሱ ይመስላል። ፋሲካም ከኋላቸው ቆማ ትሳለማለች። መንገዱ ባዶ ነው፤ ሞተሯ ሞቋል፤ ሰውየው ጀርባቸውን ሰጥተዋታል። እግሯ ነዳጁ ላይ አንድ ጊዜ ደረሰና ተመለሰ። በዚህ ዓይነት መኪናዋን ልትሸጥ ነው። እትዬ ሕይወት በመስታወት አይተዋት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለማን እንዳዘኑ ግን አይታወቅም።

አለም በርን አልፈው ቁልቁለቱን ሲወርዱ መንገዱ ተዘጋ። ግማሹ አስፋልት ለጥገና ተቆፍሯል፤ በቀረው ግማሽ ላይ ጭድ የጫነ የጭነት መኪና አክስሉ ተሰብሮ ሰያፍ ቆሟል። ሾፌሩ ጥላው ሥር ተኝቶ ነበር፤ ቀና ብሎ፣ ማንሻ መኪና ከወረታ እስኪመጣ ባጃጅ ብቻ ነው የሚያልፈው አላቸው። አያ ሙላቴ ክፍተቱን በእርምጃ ለኩ። ፒካፑን አሰቡ። መልሰው ለኩ፤ ክፍተቱ አልሰፋም።

ፋሲካ ከአንገቷ የማይጠፋውን የስፌት ሜትር አወጣች። መጀመሪያ ክፍተቱን፣ ቀጥሎ የቆራጣዋን ወገብ ለካች።

“አያ፣ ታልፋለች። በሁለቱም ወገን አንድ አንድ ስንዝር ማስተረፊያ አላት።”

ፋሲካ ቁልፏን ይዛ ቆመች። ከዚህ በኋላ ከፊቷ የሚሄድ ታላቅ የለም፤ የቆመ ታላቅ እንጂ። ይሁን እንጂ ወንድሟን በሚካኤል ቀን ከጭድ ሥር ጥላ ብትሄድ፣ ይፋግ ቀድማ የምትደርሰው በምን ፊቷ ነው? ዝክሩንም የሚያስጀምሩት እሳቸው ናቸው፤ እማማ ወርቅነሽ የወንድማቸው የበኩር ልጅ ሳይመጣ ዳቦ አያስቆርሱም።

“ይግቡ እንጂ አያ” አለች።

እትዬ ሕይወት ባላቸውን አልጠበቁም። የፊቱን መቀመጫ አሳጥፈው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ኋላ ገብተው ተቀመጡ። “አንቱ ሰው፣ ሚካኤል እስኪመለስ ሊጠብቁ ነው?” አሏቸው። አያ ሙላቴ ፒካፑን ለጭዱ ሾፌር አደራ ሰጥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አጥፈው ገቡ። ፋሲካ በሩን ከውጭ ዘጋችላቸው። ከዚያ ቆራጣዋን በጭዱና በጉድጓዱ መካከል፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር እንደምታሾልክ ምላሷን በከንፈሯ ይዛ፣ አሳለፈቻት።

ከፊት ያለው አስፋልት ጥቁርና ባዶ ነበር።

“አያ፣ ትንሽ ልርገጣት?”

“እንደ ፈቀድሽ” አሉ፤ ምን እንደ ፈቀዱ አላወቁም።

ረገጠቻት። የአያ ሙላቴ ጀርባ ከመቀመጫው ተጣበቀ። መጀመሪያ ሚካኤልን፣ ከዚያ ገብርኤልን፣ ከኩርባው ላይ ደግሞ አርባዕቱ እንስሳን ጠሩ። ከኋላ እትዬ ሕይወት እንደ ልጃገረድ ይስቃሉ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ አያ ሙላቴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ደፉ። አራተኛው ላይ ወደ ኩርባው አብረው ጋደል አሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ከፊታቸው አንድ ሚኒባስ ታየ፤ ፋሲካ እግሯን አነሣች። አያ ሙላቴ አንገታቸውን አስግገው የነጂውን ፊት በጎን መስታወቱ አጠኑት።

“ይሄ ታላቄ አይደለም። ቅደሚው።”

ቀደመችው። ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ይኸው ሆነ። ጢሙ ገና ነው፣ ቅደሚው። ይሄ የይሻው ልጅ አይደል፣ ክርስትናው ላይ ነበርኩ፣ ቅደሚው። አንድ አሮጌ አውቶሞቢል ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸውን አነሡ። “ቆይ፣ እኒህ ሰው ይበልጡኛል።” ሽማግሌው አይተው በእጃቸው እለፉ እስኪሏቸው ድረስ ከኋላቸው በትዕግሥት ሄዱ። ሲያልፉም አያ ሙላቴ ተቀምጠው እጅ ነሡ፤ ግንባራቸው የመርፌ መሰኪያው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው።

ይፋግ ገብተው የእማማ ወርቅነሽ ደጅ ሲቆሙ ነው አያ ሙላቴ ውርርዱ ትዝ ያላቸው። ሞተሩ ሳይጠፋ የበሩን እጀታ ያዙ። ሳቡት። ደግመው ሳቡት። የመስኮቱን ማዞሪያ ፈለጉ፤ ቦታው እንጂ ማዞሪያው የለም። ከኋላ ያሉት እትዬ ሕይወትም የፊቱ መቀመጫ ካልታጠፈ መውጫ የላቸውም።

ፋሲካ ሞተሯን አጠፋች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወረደች፤ በመኪናዋ ዙሪያ ዞረች፤ እንደ ጨዋ ታናሽ ጎንበስ ብላ ለታላቅ ወንድሟ በሩን ከፈተችላቸው። ዘጠና ዓመታቸው የሆነው እማማ ወርቅነሽ በምርኩዛቸው ተደግፈው ከደጃፉ ቆመው ነበር።

“አብረን ነው የደረስነው” አሉ አያ ሙላቴ፣ አንድ እግራቸው ገና መኪናው ውስጥ ሳለ።

“እኔ ዓይኔ ቢደክምም አልጠፋም” አሉ እማማ ወርቅነሽ። “እሷ መሬት ረግጣ ቆማለች። አንተን ገና እያወለዱህ ነው።”

አያ ሙላቴ ቃላቸውን ጠበቁ። ስለ መኪናዋ አፋቸውን አይከፍቱም። ችግሩ፣ ቃሉ ማመስገንንም ውሰጂኝ ማለትንም ከለከላቸው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቋ በር ይመጡና ቆራጣዋ አጠገብ ቆመው ይስላሉ። ፋሲካ ሦስተኛውን ሳል ትጠብቅና፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ወጥታ፣ በሩን ትከፍትላቸዋለች። ባለፈው ወር አዲስ የበር ሽቦ በጋዜጣ ጠቅልለው ያለ ቃል ጠረጴዛዋ ላይ አኑረውላት ሄዱ። አመስግና የልብስ ቁልፎቿ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እስካሁን እዚያው ነው።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ፀጉራችሁ የሸበተ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ስትወርዱ ከኋላችሁ አንዲት ጭራ የሌላት ቀይ መኪና ስትቁነጠነጥ ብታዩ፣ ፋሲካ ናት። ጡሩምባ ነፍታ አታስቸግራችሁም፤ በራሷም ፈቃድ አትቀድማችሁም፤ አጠገቧ ያሉት ሰውዬ ሽበታችሁን አይተው ቆይ ብለዋታል። የምትለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። እጃችሁን በመስኮት አውጡና ወዝወዝ አድርጉላት፤ እለፊ ልጄ በሏት።