አካፋ ያልነካው አልጋ

አምብሮዝ ፒኖክ ዕድሜ ልኩን ሲያርስ እርሻው መካከል ሲደርስ ትራክተሩን ይጠመዝዝ ነበር። እዚያ የእንግሊዟ ዊልትሻየር ሰዎች «አልጋው» የሚሉት፣ ሣር የለበሰ ረጅም ጉብታ ተጋድሟል። ብረት ሳይታወቅ የኖሩ ሙታን አሉበት። አባቱ በዚያ ሲያልፍ ቆቡን ያነሣ ነበር፤ አምብሮዝም ያነሣል። ለማን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። ልማድ ከምክንያቱ ይልቅ ዕድሜ አለው።

ሚስቱ ሄስተር ልትሞት ስትል፣ «ከአልጋው አፈር ውስጥ አድርገኝ» አለችው። «ላዩ ላይ እንዳትበትነኝ ደግሞ፤ ነፋሱ ወስዶ የሩበን አሳማዎች ላይ ይደፋኛል።»

አስከሬኗ ተቃጥሎ አመዱ በቆርቆሮ መጣለት። መደርደሪያው ላይ፣ ከሻይ ቅጠሉ አጠገብ አስቀመጠው። የብርዱ ወራት እንዲሁ አለፈ።

በጸደይ የቅርስ ተቆጣጣሪዋ ሎርና ቬዚ ጉብታውን ልታይ ስትመጣ ስለ ሄስተር አመድ ጠየቃት።

«አይሆንም አቶ ፒኖክ። እንኳን መቃብር፣ የአጥር እንጨት መትከልም ክልክል ነው። መቼም ያውቁታል።»

«ለዚህኛውስ ማን ፈቀደለት?» ብሎ በጉብታው ጎን ያለ ትኩስ ጉድጓድ አሳያት። ባጀር የሚሉት፣ ፊቱ ላይ ነጭ ሰንበር ያለው አውሬ የቆፈረው ነው።

«እሱም በሕግ የተጠበቀ ነው። ማባረርም ሆነ ጉድጓዱን መድፈን አይቻልም።»

«እንግዲህ ሕግ ያጣሁት እኔ ብቻ ነኛ፣ ልጄ።»

ጎረቤቱ ሩበን ይህን ሲሰማ፣ «ታገሣ እንጂ አንተ ሰው» አለው። «አምስት ሺህ ዓመት ሲሞላት ለእሷም ዘበኛ ያቆሙላታል።»

አምብሮዝ አልሳቀም። ነገሩ እውነት ሆነበት፤ ስሙ የጠፋ ሙት ጠባቂ አለው፣ ስሟን የሚያውቃት ግን ከሻይ ቅጠል ጋር ተቀምጣለች።

በማግስቱ ወደ ማምሻው ቆርቆሮውን ይዞ ሄደ። አካፋ አልያዘም። ተንበርክኮ ክንዱን ወደ ባጀሩ ጉድጓድ ሰደደና፣ እጁ እስከ ደረሰበት ድረስ አመዱን አፈሰሰው። ሲነሣ ቆቡን አነሣ፤ ይህን ጊዜ ለማን እንደሆነ ያውቃል።

ሎርና በበጋው ተመልሳ መጣች። አውሬው ጉድጓዱን አስፍቶ አዲስ አፈር ቆልሏል። ከአፈሩ ግራጫ ነገር አንሥታ በጣቶቿ አሸችው።

«ጠመኔ ነው?»

«አገሩ ሁሉ ከሥሩ የጠመኔ ድንጋይ አይደል።»

ቀና ብላ አየችው። «እርስዎ አልቆፈሩም?»

«አካፋ አልነካሁም።»

ጣቷን በሱሪዋ ልትጠርግ ብላ ተወችው። ጎንበስ አለችና እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ከነፋሱ ከልላ አራገፈችው።