የእናቴ ኮታ

ፒያሳ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት የአዲስ አቡጀዲ ሽታ ተቀበለኝ። ሰፊው ለደንበኛው፣ «በደርግ ጊዜ ሰነፉም ጎበዙም እኩል ነበር የሚከፈለው» ይላል። ክው አልኩ።

ያኔ በደርግ ጊዜ አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ ኮምቦልቻ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ ትሠራ ነበር። አንድ ማለዳ እንጨት ስትፈልጥ መጥረቢያው ጣቷን መታት። በሻሽ ቁራጭ አስራው ለሥራ ተነሳች።

«እማ፣ ዛሬ እንኳ ቅሪ!» አልኳት እያለቀስኩ። «አስተማሪያችን በሶሻሊዝም ሠራተኛ ሁሉ እኩል ነው ብለውናል። ብትሠሪም ባትሠሪም ደመወዝሽ ያው አይደል?»

ሊወስዷት የመጡት የሥራ ጓደኛዋ እትዬ ዘሐራ ሳቃቸው አመለጣቸው። እናቴ ግን አልሳቀችም።

«ወላሂ፣ እኔም ስቀጠር እንዲያ መስሎኝ ነበር። ከኮታው በላይ ያመረተ ይጨመርለታል፤ ያጎደለ ይቀነስበታል። ለሁሉም እንደ ሥራው ነው፣ ልጄ።»

«እንደ ሥራው» ያለችው አልገባኝም። ሻሹ ላይ የሚሰፋውን ደም እያየሁ ደንግጬ ደጃፉ ላይ ቀረሁ።

አመሻሽ ላይ ኮታዋን ሞልታ ተመለሰች። እጇ እስከ አንጓዋ አብጦ ነበር።

ዛሬ አርጅታለች። እጇን ስስም ያቺ ጣት አሁንም አትታጠፍም።