የኔታ ሳይፈቅዱ

እኛ ቤት ማንም የማይቀመጥበት ሶፋ አለ። አያቴ በስተርጅና፣ ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸውን የቅኔ መምህራቸውን ድንገት ማየት ጀመሩ፤ የኔታ ከጣና ደሴት በየጠዋቱ እየመጡ እዚያ ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ። አያቴ ደስ ብሏቸዋል። የጨነቀን እኛ ነን።

አንድ ወጣት ሐኪም ባማክር፣ «በእርጅና እንዲህ ያለው ነገር አዲስ ሲጀምር፣ አንዳንዴ የመርሳት በሽታ እየመጣ መሆኑን ይጠቁማል። አምጫቸውና ትውስታቸውን ልፈትን» አለኝ።

ይዣቸው ሄድሁ። ባጃጁ ውስጥ ለየኔታ ቦታ ለቅቄ ጥግ ላይ ተጣበቅሁ።

«አባባ፣ ዛሬ ዕለቱ ምንድን ነው?» አለ ሐኪሙ።

አያቴ አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር አዩና ዝም አሉ።

«ያለንበት ከተማስ ማን ይባላል?»

አሁንም ዝም። ሐኪሙ መጻፍ ጀመረ። ሁሉን እያወቁ ረስተዋል ሊባሉ ነው።

«አባባ፣ ምነው አይመልሱም?» አልኋቸው።

«የኔታ ተቀምጠው እኔ አፌን ልክፈት? ምን ያለሽ ደፋር ነሽ!»

እኔ ሰው ፊት ስሜን መናገር እንኳ የማፍር ነኝ። ግን ተነሣሁ፤ ባዶውን ወንበር እጅ ነሣሁና፣ «የኔታ፣ እባክዎ ይፍቀዱላቸው» አልሁ። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ።

አያቴ በሐዘኔታ አዩኝና ወደ ሐኪሙ ጠጋ አሉ።

«የኔታማ እሷ ስትነሣ ወጥተው ሄዱ። ባዶ ወንበር ነው የምታናግረው። በል ልጄ፣ የእኔው ይቆይና መጀመሪያ ይችን ልጅ እይልኝ።»