የድምፅ ካርድ ፍለጋ ሰቆጣ ድረስ

ንጋት፣ ላሊበላ መናኸሪያ

ከባሕር ዳር ይዤው የመጣሁትን ባዶ ካርቶን አቅፌ ስለተቀመጥኩ የሰቆጣው ሚኒባስ ረዳት የሰው ቦታ ይዘሃል ብሎ ተቆጣኝ። ካርቶኑ ስመለስ አሮጌ የኮምፒውተር ዕቃ ይይዝልኛል።

አባዬ ሰቆጣ የመንግሥት ሠራተኛ ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮው ይወስደኝና በኮምፒውተሩ የመኪና ውድድር እንጫወት ነበር። መሪው የእኔ፣ ነዳጅና ፍሬኑ የእሱ። አሁን ዓይኑ ጠፍቷል፤ ጨዋታውም አብሮ እየጠፋ ነው። ጌሙን በላፕቶፔ ብከፍትለት ጥቂት አዳመጠና «ይሄ የኛ መኪና አይደለም» ብሎ ተነሳ። ስለዚህ የዚያን ዘመን ኮምፒውተር እየገጣጠምኩ ነው። የቀረኝ የጌሙን ድምፅ የሚያወጣው የድምፅ ካርድ ብቻ ነው።

ስድስት ሰዓት፣ መንገድ ላይ

ኮረኮንች፣ አቧራ፣ ገደል፣ የገብስ ማሳ። ሾፌሩ ምን ፍለጋ እንደምሄድ ሲሰማ፣ ሰው ከሰቆጣ የሚያመጣው ማር ነው ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ይደረግ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰቆጣ

ጋሽ ወልዱ የአባዬ ቢሮ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ቢሮው ያስወገዳቸውን ሦስት የኮምፒውተር ሲፒዩዎች በጨረታ ገዝተው፣ በንጹሕ ማዳበሪያ ሸፍነው ጓዳ አስቀምጠዋል። ካርዶቹን አይቼ ልመርጥ መፍቻዬን ሳወጣ እጄን ያዙኝ።

«ዛሬ ሚካኤል ነው ልጄ። ብሎን ነገ ይፈታል፤ እስከዚያ እያስነሳን እንስማቸው።»

ማስነሳቱስ ሥራ አይደለም ወይ ብዬ ተከራከርኩ። ማዳመጥ በበዓል አይከለከልም አሉኝ። ቆሎ እየቆረጠምን ጌሙን ይዤው ከመጣሁት ፍሎፒ ዲስክ በየተራ ከፈትንባቸው። የመጀመሪያው ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ይሄን ነው የምወስደው አልኩ። ሁለተኛው ጭራሽ ድምፅ የለውም። በሦስተኛው ላይ መኪናው ሲነሳ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይስላል።

«ይሄ የአባትህ ነው» አሉ ጋሽ ወልዱ። «ከንብረት ክፍል ሆኜ እሰማችሁ ነበር።»

«ተበላሽቷል እኮ ጋሼ።»

«ያኔም እንዲሁ ነበር።»

በማግስቱ ብሎኑን ራሳቸው ፈቱት። የሚስለውን ካርድ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሰላምታ ለአባዬ ጨምረው ሰጡኝ። ጥርት ያለውን ትቼ በመውጣቴ መንገዱን ሁሉ ስጠራጠር ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ፣ ባሕር ዳር፣ ቤት

ገጣጥሜ ስጨርስ የአባዬን ጣቶች በነዳጁና በፍሬኑ ቁልፎች ላይ አስቀመጥኩለት። መኪናው ሳል ሳል እያለ ተነሳ። አባዬ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዘነበለ። የሌላ ሰው ካርድ ይዤ መጣሁ እንዴ ብዬ ሰጋሁ። ጥቂት እንደነዳን ሳሉ ጠንከር ሲል አባዬ ጣቱን ከነዳጁ አነሳ።

«ቀስ በል ልጄ፣ ድልድዩ ጋ ደረስን» አለኝ።

እንባ ጋርዶኝ ድልድዩን ያላየሁት እኔ ነበርኩ።